በጋዝ ስለሚሄዱ መኪናዎች፤ መርማሪው ከነጂው ይቅደም

እሳትን ያህል ለሰው ልጅ የጠቀመ ነገር ጥቂት ነው፤ በቸልታ የሚይዘውንም ሰው እሳትን ያህል ፈጥኖ የሚቀጣ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ አዲስ የማገዶ ዐይነት ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ፤ ጥቅሙን ከማብዛት አስቀድሞ አያያዙን ማወቅና ማሳወቅ የሹማምንትም የመምህራንም ተግባር ነው። ኢትዮጵያ ከገዛ ምድሯ ማውጣት የጀመረችው የተፈጥሮ ጋዝ እንደዚህ ያለ አዲስ ማገዶ ስለ ሆነ፤ ለመኪና መንጃ ይዋል ሲባል በምን ሥርዓት እንደሚሆን በጊዜው ሊመከርበት ይገባል።

ጋዙ በምድር ውስጥ መኖሩ ከታወቀ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በኦጋዴን ካሉብ በተባለው ስፍራ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ ዓመታት እኩሌታ ጋዝ አገኘ፤ ሂላላ የተባለውም ሁለተኛው ስፍራ ከዚያው አገር ተገኘ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ሌሎች ጉድጓዶች ቆፈሩ። ከዚያም በኋላ የዓለም ባንክ ለካሉብ ሥራ ብድር ፈቅዶ ነበር፤ የማሌዥያው ፔትሮናስም መጥቶ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ ተመለሰ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂ.ሲ.ኤል. ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ውል ተደረገ፤ ዳሩ ግን ሥራው እንደ ተባለው ሳይፈጸም ቀርቶ ውሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ፈረሰ። በዚህም መካከል በሚያዝያ ወር 1999 ዓ.ም. አቦሌ በተባለው የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ በተጣለው አደጋ ከ70 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ሕይወታቸውን አጥተዋል። በመጨረሻም መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በካሉብ የተሠራውን የጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ክፍል መረቁ፤ በዚያው ቀንም የሁለተኛው ክፍል ሥራ መጀመሩ ተነገረ። የመጀመሪያው ክፍል በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር፤ ሁለተኛው ሲፈጸም 1 ቢሊዮን 330 ሚሊዮን ሊትር በብርድ የፈሰሰ ጋዝ እንዲሰጥ የታቀደ ነው።

ይህን ታሪክ ማንሣት የሚያስፈልገው፤ ጋዙ በሃምሳ ዓመት ድካም፤ በብዙ ገንዘብና በሰው ሕይወት የተገኘ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በእንደዚህ ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር በአያያዝ ጉድለት ስሙ ቢጠፋ፤ ሕዝቡ አንድ ጊዜ የፈራውን ነገር እንደገና እንዲወድ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ጋዙን ለመኪና ለማዋል የሚደረገው አሳብ ምክንያት አለው። ለመኪና የሚሆነው ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ሲሆን፤ የሚከፈለውም ዋጋ በየዓመቱ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን የውጭ ምንዛሪ ለማዳን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እንዲገቡ ፈቀደ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ስላለው፤ ለታናናሽ መኪናዎች ኤሌክትሪክን መምረጥ የተገባ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም የባቡር ሐዲድ፤ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው።

ነገር ግን ከጅቡቲ ወደብ እህልና ማዳበሪያ፣ ብረትና ነዳጅ የሚያመላልሱት ታላላቅ የጭነት መኪናዎች በናፍጣ መሄዳቸውን አልተዉም። ለእነዚህ የሚበቃ ባትሪ እጅግ ከባድና ውድ ነው፤ በየመንገዱም የሚሞላበት ጣቢያ ገና አልተዘረጋም። ጋዝ ቦታ ሊያገኝ የሚገባው እዚህ ላይ ነው እንጂ፤ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ሊነዳው በሚችለው በቤት አውቶሞቢል ላይ አይደለም። ይህም በጥቂት ሒሳብ ሊታወቅ ይችላል።

በብርድ የፈሰሰው ጋዝ አንድ ሊትሩ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ሊትር ናፍጣ ያነሰ ስለ ሆነ፤ የአንድ ሊትር ናፍጣን ሥራ ለመሥራት 1.7 ሊትር ያህል ጋዝ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከካሉብ የመጀመሪያ ክፍል የሚገኘው 111 ሚሊዮን ሊትር ሁሉ ለመኪና ቢውል እንኳ፤ የሚተካው 65 ሚሊዮን ሊትር ያህል ናፍጣ ነው። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና በዓመት 20 ሺህ ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብለን ብናሰላ፤ ይህ ሁሉ ጋዝ የሚበቃው ለ3,250 መኪናዎች ነው። በኢትዮጵያ ያሉት ተሽከርካሪዎች ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ ጋዙ ለሁሉ እንዲደርስ ቢበተን ለማንም አይበቃም፤ ለተመረጡት ቢሰጥ ግን የሚያድነው ገንዘብ በግልጽ ይታያል።

የጋዙም ጠባይ ይህንኑ ያስረዳል። በሕዝብ ዘንድ ጋዝ የሚለው ስም ለብዙ ነገር የሚነገር ስለ ሆነ፤ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ለፋኖስና ለምድጃ የሚሆነውን ላምባ ብዙ ሰው ነጭ ጋዝ ይለዋል፤ እርሱ ግን ፈሳሽ ነው። በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ ለወጥ መሥሪያ የሚሸጠው ቡታ ጋዝ፤ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ካፈተለከ በወለል ላይና በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ሜቴን የተባለው ነው፤ ከአየር የቀለለ ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣና ነፋስ ካገኘ ይበተናል። ከአየር ጋር ሲደባለቅም የሚነደው ከመቶው ክፍል ከ5 እስከ 15 በሆነ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ሲሆን ከቡታ ጋዝ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ መስኮት በሌለው ጋራዥ ውስጥ ግን ከጣሪያው ሥር ተሰብስቦ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ይጠብቃል።

ይህ ጋዝ በመኪና ላይ የሚጫነው በሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው፤ በታላቅ ግፊት ታምቆ በወፍራም ሲሊንደር ውስጥ መጨመር ነው። ግፊቱ 200 ባር ያህል ሲሆን፤ ይህም በታናሽ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት 80 እጥፍ ያህል ነው። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ለዚህ ግፊት አልተሠራም፤ በበያጅ እጅ የተቀጠለ ማናቸውም የብረት ዕቃም አይችለውም። ሁለተኛው፤ ጋዙን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ መጠኑ ወደ ስድስት መቶኛ ክፍል ስለሚያንስ፤ በቦቴ ተጭኖ ሩቅ አገር ሊሄድ ይችላል። ካሉብ የሚያመርተው ይህን ሁለተኛውን ነው። በጣቢያው ላይ ግን ፈሳሹን አሙቆ እንደገና ወደ ታመቀ ጋዝ መለወጥ ስለሚቻል፤ ሁለቱም ዐይነት መኪና ከአንድ ጣቢያ ሊቀዳ ይችላል።

በብርድ የፈሰሰው ጋዝ ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ ሲሞቅም እየተነነ ግፊቱ ይጨምራል፤ መኪናው ለብዙ ቀን ከቆመም በመተንፈሻው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ይህ ማገዶ የሚስማማው ቀንና ሌሊት በመንገድ ላይ ላለ የጭነት መኪና ነው እንጂ፤ ሳምንቱን በግቢ ውስጥ ቆሞ እሑድ ለሚነሣ አውቶሞቢል አይደለም። ጋዙ ሲያመልጥ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻም አይደለም፤ ሜቴን በአየር ላይ ሙቀትን በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው። እንግዲህ ጋዝ የጭስ ማውጫውን ጥቀርሻ ይቀንሳል መባሉ እውነት ሆኖ ሳለ፤ በየጣቢያውና በየሲሊንደሩ የሚፈስስ ከሆነ ትርፉ በኪሳራ ይበላል።

ሁለተኛም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በቤንዚን እንዲሄድ የተሠራ ሞተር በጋዝ ሲለወጥ ደግሞ፤ ጋዙ በሞተሩ ውስጥ የአየርን ቦታ ስለሚወስድ ከቀረው ኃይል ላይ ሌላ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ባለ መኪናው ይህን ሳይነገረው ለውጦ ዳገት ላይ ቢቸገር፤ ተታለልሁ ማለቱ አይቀርም። ከፋብሪካው ለጋዝ ተብሎ የተሠራና በቱርቦ አየር የሚያስገባ የጭነት መኪና ግን ይህን ችግር በብዙ ይቋቋማል። በቻይና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በአንድ ዓመት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ በፈሳሽ ጋዝ የሚሄዱ ታላላቅ የጭነት መኪናዎች መሸጣቸው፤ ሥራው የታወቀና የተፈተነ መሆኑን ያስረዳል።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ቀድመው ስለ ሄዱ፤ ከእነርሱ ሁለቱንም መማር ይቻላል፤ የሚከተሉትንም የሚርቁትንም። የግብፅ መንግሥትና የጋዝ ኩባንያዎቿ፤ ባለ መኪናው ለመለወጫው የሚያስፈልገውን ዋጋ በብድር እንዲያገኝና ጋዝ በቀዳ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ እንዲከፍል አደረጉ። ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ ድኻውን ነጂ ከአራጣ ያድነዋልና። ደግሞም መኪናው በተፈቀደለት ጋራዥ ብቻ እንዲለወጥ ያደርጋል፤ አበዳሪው ያልተመዘገበ ሥራ አይከፍልምና።

በሕንድ የበላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የዴልሂ ከተማ አውቶቡሶች ሁሉ እስከ መጋቢት ወር 2001 ድረስ ወደ ታመቀ ጋዝ እንዲለወጡ አዘዘ። ትእዛዙ የከተማይቱን አየር ለማጥራት የተሰጠ መልካም ትእዛዝ ነበር። ነገር ግን የመቅጃ ጣቢያዎቹ ሳይበቁ መኪናዎቹ ስለ በዙ፤ ነጂዎች ለብዙ ሰዓት ተሰልፈው ማደር ግድ ሆነባቸው፤ ቀነ ገደቡም ተራዝሞ ሥራው የተፈጸመው በ2002 መጨረሻ ነው። ጣቢያ ከመኪና መቅደም እንዳለበት ዴልሂ በድካም ተማረች።

የፓኪስታን ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። በዚያ አገር መንግሥት ጋዝ ርካሽ እንዲሆን አድርጎ ሕዝቡ መኪናውን እንዲለውጥ ስለ ገፋፋ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ተለወጡ። ዳሩ ግን የአገሪቱ ጋዝ ለመብራት ማመንጫውም ለፋብሪካውም ለቤቱም ለመኪናውም ሊበቃ አልቻለም፤ በተለይም በክረምታቸው ወራት ጣቢያዎቹ በሳምንት ብዙ ቀን እንዲዘጉ ታዘዘ። ብድር ገብቶ መኪናውን የለወጠው ድኻ ነጂ በተዘጋ ጣቢያ በር ላይ ቀረ። ያለውን ሳይለኩ ለሁሉ ቃል መግባት ፍጻሜው ይህ ነው።

የናይጄሪያ ምሳሌ ደግሞ ስለ ሕይወት ነው። በዚያ አገር በ2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቤንዚን ድጎማ በተነሣ ጊዜ፤ መንግሥት በጋዝ የሚሄዱ መኪናዎችን ለማስፋፋት ታላቅ ሥራ ጀመረ። በጥቅምት ወር 2024 ቤኒን በተባለችው ከተማ አንድ መኪና በመቅጃ ጣቢያ ላይ ሳለ ሲሊንደሩ ፈነዳ፤ ሰዎችም ቈሰሉ። በምርመራ በተገኘው መሠረት፤ ሲሊንደሩ ለታመቀ ጋዝ የተሠራ ሳይሆን በብየዳ የተቀጣጠለ ነበር። ጥፋቱ የአንድ በያጅና የአንድ ባለ መኪና ሲሆን፤ ፍርሃቱ ግን በሕግ መሠረት መኪናቸውን ለለወጡት ሁሉ ተረፈ።

አሁን ይህ ሁሉ ወደ ንፋስ ስልክ ይመለሳል። ይህ ሠፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች የነፋስ ስልክ ይሉት ነበርና። እንግዲህ በዐይን የማይታይ ኃይል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ያ የማይታይ ኃይል በባለሙያ እጅ በአንድ ግቢ ታጥሮ ይሠራ ነበር፤ የዛሬው ግን በየመንገዱ የሚሄድ ነው።

ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣው ጭነት በቃሊቲ አልፎ በሳሪስ በኩል ወደ ከተማው ይገባል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ የመለዋወጫ ሱቅ፣ ጎሚስታና ጋራዥ ከሰው መኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ይኖራሉ። መካኒኩ ቦታ ሲጠበው መኪናውን በመንገድ ዳር አቁሞ ይሠራል፤ በያጁም በአጠገቡ ይበይዳል። በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወር በገባ በ5 ቀን፤ ይልቁንም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፤ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ሲቆም መኪናዎች በሕዝቡ መካከል እየተጋፉ ያልፋሉ። በሐና ማርያምና በጎፋ ገብርኤልም የንግሥ ቀን እንዲሁ ነው። ለዚህ ሠፈር ሰዎች የሲሊንደር ምርመራ ጉዳይ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የልጆቻቸውና የምእመናኑ ደኅንነት ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያው ከመብዛቱ በፊት ሊፈጸሙ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፤ ለመኪና የሚሆን ማናቸውም የጋዝ ሲሊንደር በኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደንብ መሠረት የተፈተነ፤ ቁጥሩና የተሠራበት ዘመን በብረቱ ላይ የተቀረጸ መሆን አለበት። ያው ቁጥር በመኪናው ሊብሬ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ሲሊንደሩ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲዛወር ወይም ዘመኑ ሲያልፍ እንዲታወቅ ይህ የግድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ቦሎ በየዓመቱ ሲታደስ የሲሊንደሩ፣ የቧንቧውና የመዝጊያው ምርመራ አብሮ ይደረግ። ዛሬ ቦሎ የሚሰጠው መርማሪ ፍሬንና መሪን፣ መብራትንና ጭስን እንዲያይ የሠለጠነ ነው፤ በ200 ባር ግፊት ያለውን ሲሊንደር ለመመርመር ግን ሌላ ትምህርትና ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል። መርማሪው ሳይሠለጥን መኪናው ከመጣ፤ ማኅተሙ ይመታል እንጂ ምርመራው አይደረግም። ማኅተም ደግሞ ግፊትን አይችልም።

ሦስተኛ፤ መኪና ከናፍጣ ወይም ከቤንዚን ወደ ጋዝ የሚለወጠው ፈቃድ በተሰጠው ጋራዥ ብቻ ይሁን። ጋራዡም ከመኖሪያ ቤት የራቀ፤ ከጣሪያው ሥር አየር ማስወጫ ያለው፤ የብየዳ ስፍራው የተለየ መሆን አለበት። በተለይ በብርድ የፈሰሰው ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ብርዱም ስለሚያጠነክረው የማሽተቻ ቅመም ሊጨመርበት አይቻልም። ስለዚህ መፍሰሱን የሚያስታውቅ መሣሪያ በመኪናውና በጋራዡ ላይ መኖሩ እንደ ምርጫ ሊቈጠር አይገባም።

አራተኛ፤ ጣቢያዎቹ በአንድ መንገድ ላይ ይጀመሩ። የካሉብ ጋዝ በቦቴ ሲመጣ በቀብሪ ደሀርና በጅጅጋ፣ በሐረር በኩል አልፎ አዋሽ ይደርሳል፤ ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ የሚመጡት የጭነት መኪናዎችም በዚያው በአዋሽ በኩል አልፈው ወደ አዳማ፣ ወደ ሞጆና ወደ ቃሊቲ ይወጣሉ። እንግዲህ አዋሽ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ስለ ሆነ፤ በዚያና በሞጆ፤ በከተማውም መግቢያ ጣቢያ ቢሠራ ለብዙ መኪና ይደርሳል። ጋዙ በሚወጣበት አገር ያለው ሕዝብም ቦቴው በደጁ ሲያልፍ አቧራውን ብቻ እንዳይቀበል፤ በቀብሪ ደሀርና በጅጅጋ ጣቢያ መሥራት ፍርድ ነው።

አምስተኛ፤ መጀመሪያ የሚለወጡት የመንግሥትና የታላላቅ ማኅበራት የጭነት መኪናዎች ይሁኑ፤ ከእነርሱም ቀጥሎ ማታ ማታ ወደ አንድ ግቢ የሚመለሱት የከተማ አውቶቡሶች። እነዚህ ቁጥራቸው የታወቀ ነው፤ የሚያድሩበት ግቢ የታወቀ ነው፤ ነጂዎቻቸውንም በአንድ ቀን ሰብስቦ ማስተማር ይቻላል። ጉድለት ቢገኝ በአንድ ግቢ ይታረማል። በየሠፈሩ የተበተኑ ታክሲዎችና የቤት መኪናዎች ግን ከዚህ በኋላ፤ ጋዙም መርማሪውም ከተረፈ የሚታሰቡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ሥራውን ያዘገያል፤ የውጭ ምንዛሪ በየቀኑ እየወጣ ሳለ ስለ ሲሊንደር ቁጥር መከራከር አይገባም የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። አነጋገራቸው ከአገር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ከላይ እንደ ተቈጠረው፤ የመጀመሪያው ክፍል ጋዝ ከጥቂት ሺህ መኪናዎች በላይ አይመግብም። ለጥቂት ሺህ መኪናዎች የሚበቃ መርማሪ ማሠልጠን ደግሞ የሁለተኛው ክፍል ፋብሪካ ከሚሠራበት ዘመን ያነሰ ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ነው። እንግዲህ መቸኰል የሚገባው መርማሪውን ለማሠልጠን ነው። ጋዙ እስኪበዛ ድረስ ያለው ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ ለዚህ ዝግጅት የተሰጠ ጊዜ ነው።

ደግሞ ሌሎች፤ ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ሳለ ለጋዝ መድከም ከንቱ ነው ይላሉ። በእነርሱም ቃል ውስጥ እውነት አለ፤ የባትሪ ዋጋ እየረከሰ ስለ ሄደ የጭነት መኪናም አንድ ቀን በኤሌክትሪክ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ለጋዝ የሚወጣው ገንዘብ በልክ እንዲሆን፤ በጥቂት ጣቢያና በአንድ መንገድ እንዲወሰን ያስፈልጋል። እስከዚያ ቀን ግን ጭነቱ ከጅቡቲ መምጣቱ አይቋረጥም፤ ናፍጣውም በውጭ ምንዛሪ መገዛቱ አይቀርም። ከራስ ምድር የወጣ ማገዶ ለእነዚያ ዓመታት ድልድይ ሊሆን ይችላል።

ከመሥሪያ ቤቶቹ አንጻር ሥራው የብዙዎች ነው። ጋዙን የሚያወጣው በማዕድን ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ሽያጩን የሚቈጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ መኪናው በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፤ ቦሎው በከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ባለሥልጣን እጅ ነው፤ እሳት ቢነሣ የሚጠራው ደግሞ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ሥራው በአምስት እጅ ሲከፈል አንዱ ሌላው ይሠራዋል ብሎ የሚተወው ነገር አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የሚተወውም ምርመራው ነው። ስለዚህ ለሲሊንደር ምርመራ በስም የሚጠየቅ አንድ መሥሪያ ቤት በደንብ ይወሰን፤ ስሙም ለሕዝብ ይነገር።

ካህናትና የሃይማኖት መምህራንም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ የመንግሥትን ማስታወቂያ በግማሽ ጆሮ ሲሰማ፤ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ቃል ግን በሙሉ ጆሮ ይሰማል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ሁለት ደቂቃ ብቻ ወስዶ፤ ላምባ ሌላ፣ ቡታ ጋዝ ሌላ፣ የመኪና ጋዝ ሌላ መሆኑን፤ በንግሥ ቀን በጋዝ የሚሄድ መኪና በአጥር ጥግና ጧፍ በሚበራበት አጠገብ እንዳይቆም፤ ያልተመዘገበ ሲሊንደር የገዛ ሰው የጎረቤቱን ሕይወት እንደሚያስይዝ መንገር ከስብከት የሚለይ ሥራ አይደለም። ማዕጠንት የሚይዘው ዲያቆን ፍሕሙን በምን ያህል ጥንቃቄ እንዲይዝ እንደሚማር ካህናት ያውቃሉና፤ ስለ እሳት አያያዝ ማስተማር ለእነርሱ አዲስ አይሆንም።

በሳሪስ መንገድ የመጀመሪያው የጋዝ መኪና ጋራዥ ፈቃድ ሲጠይቅ፤ ፈቃጁ ሹም በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጋራዡ በቀን ስንት መኪና እንደሚለውጥ አይደለም። የሠለጠነው መርማሪ ማን እንደ ሆነ፤ የመፈተኛ መሣሪያው የት እንዳለ፤ በግድግዳው ማዶ የሚያድረው ቤተ ሰብ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቂ መልስ ከተገኘ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይሰጥ፤ ካልተገኘ ግን መልሱ እስኪመጣ ይቆይ።